ጸጥታው ያመጣው ጣጣ፦ በፕሪየሴ ላይ ያሠራሁት የድምፅ ሲስተም

እ.ኤ.አ. የ2012 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ይዤ በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች ተሳፋሪ ሳመላልስ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚውል ሰው የመኪና ቴፕ ጌጥ አይደለም፤ ዜናው፣ መዝሙሩ፣ የአገር ቤት ስልኩ፣ መንገድ የምትጠቁመው የስልኬ ሴትዮ ሳትቀር የሚሰሙት በር ውስጥ በተቀበሩት ስፒከሮች ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ጥቅምት የመኪናዬን የድምፅ ሲስተም ለማሻሻል ወሰንኩ። ሥራው በሁለት ባለሙያዎች እጅ አልፎ፣ አንዱ አበላሽቶት ሌላው አቃንቶት፣ አሁን ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ሰባት ወር የአዲስ ዕቃ ፍቅር የሚበርድበት ጊዜ ስለሆነ አስተያየቴ ከመጀመሪያው ሳምንት ሞቅታ የጸዳ ይመስለኛል።

የሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ተጋግዞ የሚሄድ) መኪናን የድምፅ ጉዳይ ከሌላው መኪና የሚለየው ጸጥታው ነው። በተራ የቤንዚን መኪና ሞተሩ ሳያቋርጥ ስለሚያጉረመርም ጆሮ ይለምደዋል፤ የሙዚቃውንም ጉድለት ያው ጉርምርምታ ይሸፍነዋል። ፕሪየስ ግን መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ በዝግታ ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ የጎማውን ጩኸት ለመሸፈን ከፍ ያደረግኩት ድምፅ፣ ከመውጫው ወርጄ ቀይ መብራት ላይ ስቆም በድንገት ገኖ ይሰማል፤ የበሩ ፕላስቲክ ሲንቀጠቀጥ፣ ወፍራሙ ድምፅ ሲሰነጠቅ፣ ቀጭኑ ጆሮ ሲወጋ ሁሉም ራቁቱን ይወጣል። ተሳፋሪዎች ዝቅ እንዳደርገው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ እዚያው መብራት ላይ ነበር። እያንዳንዷ ኪሎ ተቆጥራ በሚሠራ መኪና ውስጥ ስስ የበር ቆርቆሮና ቀላል ስፒከር መገኘቱን እንደ በደል አልቆጥረውም፤ መኪናውን የገዛሁት ለነዳጅ ቁጠባው እንጂ ለሙዚቃው አልነበረም። ሆኖም የሚሻሻልበት መንገድ ካለ ማሻሻሉ አይከፋም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ መኪናው ኤሌክትሪክ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል፤ ገንዘብ የሚባክነውም መኪና የሚበላሸውም ይህን ባለማወቅ ነውና። ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በጃፓን ገበያ ላይ ከዋለ ዘመን ተቆጥሯል፤ ነገር ግን ዛሬም እንደ ማንኛውም መኪና ኮፈኑን ከፍተው ባትሪ የሚፈልጉ ገጣሚዎች አሉ። የእኔ መኪና፣ ማለትም ሦስተኛው ትውልድ፣ ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ 201.6 ቮልት ሲሆን ከኋላ ወንበር ጀርባ ይቀመጣል፤ የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚያመቻቸው ኢንቨርተር ይህን እስከ 650 ቮልት ያሳድገዋል፤ ከእርሱ የሚነሡት ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ለሞት የሚዳርጉ በመሆናቸው ያልሠለጠነ ሰው እጁን ማስጠጋት የለበትም። ትንሹ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ነው፤ የሚገኘው ግን ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር በስተቀኝ ጥግ ነው። ቴፑም፣ ለስፒከሮች ኃይል የሚሰጠው አምፕም (አምፕሊፋየር)፣ መብራቱም የሚሠሩት በዚህ በትንሹ ባትሪ ነው።

መኪናው ዲናሞም ሞተሪኖም የለውም። ትንሹን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ከፍተኛውን ቮልት ተቀብሎ ወደ 14 ቮልት ገደማ የሚያወርድ መሣሪያ ሲሆን፣ ይህም የሚሠራው ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት ሲበራ ብቻ ነው። ፍሬን ሳይረገጥ ቁልፉን ተጭኖ ቴፕ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው የሚያዳምጠው ትንሹን ባትሪ እየጨረሰ ነው፤ ባትሪው ደግሞ እንደ ወትሮው ባትሪ ከባድ ሞተር ለማስነሳት ስላልተሠራ መጠኑ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ «ሬዲ» በርቶ እስካለ ድረስ መኪናው ቆሞም ቢሆን ትንሹ ባትሪ ይሞላል፤ ትልቁ ሲጎድል ቤንዚን ሞተሩ ራሱ ተነሥቶ ይሞላውና መልሶ ይጠፋል። እኔ ደንበኛ ስጠብቅ ሙዚቃ የምሰማው እንዲህ አድርጌ ነው።

የመጀመሪያው ሱቅ ይህን ያውቅ አልነበረም። ስሙን አልጠራም። «አንድ ሺህ ዋት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የታተመበት የአምፕ ካርቶን አሳይተውኝ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) የያዘ ሳጥን ጨምረው፣ 140 ዶላር ቀብድ ተቀበሉኝ። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ለቅጽበት ሊደረስበት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ መታየት ያለበት በትንሹ የሚጻፈው፣ አርኤምኤስ የሚባለውና ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። አምፑ እውነተኛ አንድ ሺህ ዋት ቢሆን ኖሮ፣ ከሚስበው 80 በመቶውን ለስፒከር የሚያደርስ ጥሩ አምፕ ነው ብለን ብናስብ እንኳ፣ በ14 ቮልት ሲሰላ ወደ 89 አምፔር ይጠጋል። ይህን ያህል ከትንሹ ባትሪ መስመር እየሳቡ በክረምት ሌሊት መብራቱን፣ የመስታወት ማሞቂያውንና የአየር ማራገቢያውን አብሮ ማሠራት ነገር መፈለግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልወስድ ስሄድ መኪናው ሞቶ ጠበቀኝ። ልጆቹ ድምፁን ሊያሳዩኝ «ሬዲ» ሳያደርጉት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያስጮኹት ቆይተዋል። የዕቃ መጫኛው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ቁልፍ በመሆኑ ባትሪው ሲሞት አልከፈት አለ፤ ባትሪው ያለው ደግሞ እዚያው በር ውስጥ ነው። ቴክኒሻኑ ጥቁርና ቀይ ገመድ በሁለት እጁ ይዞ በተዘጋው በር ፊት ቆሞ ሲያሰላስል የነበረው መልኩ አይረሳኝም። የመኪናውን መመሪያ ገልጬ ኮፈኑን አስከፈትኩት፤ በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያለው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማስነሻ ነጥብ አለ፤ በዚያ በኩል ኃይል ሲሰጠው ተነሣ። ከዚህ የከፋው በማግስቱ የታየኝ ነው። ከኋላ ወንበር አጠገብ በስተቀኝ በኩል ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባበት ወንፊት አለ። ወንበሩን ሲመልሱ የተረፈውን ገመድ ጠቅልለው፣ በምንጣፍ ቁራጭ ሸፍነው፣ ልክ በዚያ ወንፊት ላይ አሳርፈውታል። ትልቁ ባትሪ ሲግል ዕድሜው ያጥራል፤ የእርሱ መለወጫ ዋጋ ደግሞ ከማንኛውም ሙዚቃ ይበልጣል። ዕቃቸውን አስነቅዬ ቀብዱን ትቼላቸው ወጣሁ።

ሁለተኛው ባለሙያ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በትንሽ ጋራዥ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ነው። በጓደኛ በኩል ነው ያገኘሁት። ስለ ዋትም ስለ ብራንድም ሳይጠይቀኝ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ቴፑን ያጥፉትና እስቲ ዝም ብለው ይንዱ» አለኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በዝምታ ነዳሁ። እርሱ አንድ ጊዜ የበሩን ፕላስቲክ በጉልበቱ ይደግፋል፣ አንድ ጊዜ የዳሽቦርዱን ጥግ በመዳፉ ይጫናል፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ያዳምጣል። ስንመለስ «ገንዘብዎን አምፕ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ያውሉት» ሲል ደመደመ። በሰባት ወር ውስጥ ይህን ፍርድ የሚያፈርስ ነገር አላገኘሁም።

የበሩ ሥራ ምን እንደሆነ ላስረዳ። የበሩ የውስጥ ሽፋን ሲወጣ ከሥሩ ቀዳዳ የበዛበት ቆርቆሮና ውኃ የሚከላከል ስስ ፕላስቲክ ይገኛል። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ ወደ ኋላም እኩል ይገፋል፤ የኋላው አየር በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ይጣፋሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ቆርቆሮውን በአልኮል አጽድቶ፣ አንድ ፊቱ አልሙኒየም ሌላው የሚጣበቅ ጥቁር ጎማ የሆነውንና ሰው ሁሉ በአንደኛው ብራንድ ስም «ዳይናማት» የሚለውን ዓይነት ንጣፍ በውጨኛው ቆርቆሮ ላይ በየቦታው፣ በውስጠኛው ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹን እየደፈነ ለጠፈ፤ በትንሽ የብረት መዳመጫ አረፋ እስኪያልቅ ድረስ ዳመጠው። የበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን የዝናብ ውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች ግን ሆን ብሎ ተዋቸው፤ እነርሱን የደፈነ ሰው በዓመቱ ዝገት ያጭዳል። ከስፒከሩ ሥር ቀለበት አስገብቶ፣ በቀለበቱና በሽፋኑ መካከል የስፖንጅ ገመድ ዞሮ እንዲያርፍ አደረገ። የሽቦ ማሠሪያዎቹን በጨርቅ ቴፕ ጠቀለላቸው። ሥራው ለሁለቱ የፊት በሮች ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ሲጨርስ ሥራውን የፈተነው በቴፕ አልነበረም፤ በሩን ዘጋው። ቀድሞ «ቻ» የሚል የጣሳ ድምፅ ይሰጥ የነበረው በር «ዱም» ብሎ ተዘጋ። አዲስ ስፒከር ሳይገባ፣ የነበረውን መልሶ አስገብቶ ሲያሰማኝም ልዩነቱ ተሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ገንዘብ ያጠረው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም፤ ንጣፉ 85 ዶላር ብቻ ነው የፈጀው።

እኔ ቀጠልኩ። ለፊት በሮች 6 በ9 ኢንች የሆኑ ሞላላ ስፒከሮች፣ ለዳሽቦርዱ ጥግ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡ ትናንሽ ስፒከሮች፣ ትዊተሮች፣ ገዛን። የኋላ በሮችን አልነካንም። ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለሚመጣ እዚያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ለእኔ ሥራ ብክነት ነው፤ ልጆች የሚጭን የቤተሰብ መኪና ከሆነ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። የፋብሪካውን ቴፕም አልቀየርንም፤ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች እንዳሉ ይሠራሉ፣ አምፑም ድምፁን ከፋብሪካው የስፒከር ሽቦ ላይ የሚቀበል ዓይነት ነው።

አምፑን ስንገጥም የፕሪየስ አሠራር ያልጠበቅኩትን በረከት ሰጠን። በሌላ መኪና ባትሪው ከፊት፣ አምፑ ከኋላ ስለሚሆን ወፍራም የኃይል ገመድ የሞተሩን ክፍል ግድግዳ በስቶ፣ በምንጣፍ ሥር አልፎ አምስት ሜትር ያህል ይጓዛል። እዚህ ግን ባትሪው ከኋላ ስላለ ገመዱ አንድ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ የሚበሳ ግድግዳ የለም፣ ከብርቱካናማዎቹ ገመዶች ጋር የመገናኘት ዕድልም የለም። ልጁ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ አስገባ፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ ለባትሪው መቅረብ አለበት። ለግራውንድ (ከመኪናው አካል ጋር ለሚታሠረው ኔጌቲቭ ገመድ) ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ባዶ ብረት ላይ አሠረው። የድምፅ ሽቦውን ከኃይል ገመዱ አርቆ በመኪናው በሌላው ጎን አሳለፈው፤ ቤንዚን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ስፒከር ውስጥ የሚገባው ጭረት የሚመጣው ሁለቱ ተጎዳኝተው ሲሄዱና ግራውንዱ ሲላላ ነው። ወለሉን ሲከፍት ባየው ነገርም ደነገጠ፤ የፊተኞቹ ሰዎች የባትሪውን የጋዝ መውጫ ቱቦ ነቅለው አልመለሱትም ነበር። ባትሪው የሚቀመጠው እኛ በምንተነፍስበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ያ ቱቦ ጋዙን ወደ ውጭ ማውጣት አለበት።

አምፑ ክላስ ዲ የሚባለው፣ እምብዛም የማይግለው ዓይነት ሲሆን በአራት ቻናል (የድምፅ መውጫ)፣ በየቻናሉ 45 ዋት አርኤምኤስ ይሰጣል። መጠኑ ከመጽሐፍ አይበልጥም። አንድ ሺህ ዋት ሲባልለት ለነበረ መኪና ይህ ቁጥር መቀለጃ ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን ጸጥ ባለ መኪና ውስጥ ድምፅ ከጩኸት ጋር መታገል ስለሌለበት ከግማሽ በላይ ከፍቼው አላውቅም።

ዎፈሩን በተመለከተ አሁንም ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ባለ 8 ኢንች፣ የራሱ አምፕ ያለው፣ 120 ዋት የሚሰጥ ቀጭን ሳጥን በዕቃ መጫኛው የግራ ጥግ አስገጠምኩ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 190 ዶላር ያወጣሁበትን ነገር የማስታውሰው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ወደ ደለስ አየር ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ ሲመጣ ነው። ሻንጣው በጎኑ ካልተጋደመ አይገባም። ዳግመኛ ብሠራው ዎፈሩን ትቼ ንጣፉን ወደ ኋላ በሮች እጨምር ነበር።

ለመፈተሻ የተጠቀምኩት የአገር ቤት መሣሪያዎችን ነው፤ ጆሮዬ የሚያውቀው እነርሱን ነውና። ከበሮ ትልቁ አፉ ሲመታ ድምፁ ቶሎ መቆም አለበት፤ ቀድሞ እየተንዘላዘለ ወደሚቀጥለው ምት ይደርስ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይቆጠራል። መሲንቆ የሰውን ድምፅ ስለሚመስል የመካከለኛውን ክፍል ይፈትሻል፤ የፈረስ ጭራው ገመድ ላይ የደጋኑ ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ትዊተሮቹ ግን መጀመሪያ ላይ አስቸግረውኝ ነበር፤ ድምፃቸው ከፊት መስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ስለሚመለስ የክራሩ ቀጭን አውታር ጆሮ ይወጋ ነበር። ሌላ ቀን ተመልሼ ስሄድ ልጁ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ዝቅ አደረገልኝና ተስተካከለ።

የበገናው ነገር ግን አሳፍሮኛል። በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት የበገና መዝሙር ከፍቼ ስነዳ የግራው በር መንዘር የጀመረ መሰለኝ። ሥራው ተበላሸ ብዬ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ልጁ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ በሩን በእጁ ተጫነው፤ ከዚያ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ ያንኑ መዝሙር በማዳመጫ አሰማኝ። ንዝረቱ እዚያም አለ። የበገና አሥሩ አውታሮች ከታች በሚያርፉበት ላይ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገቡባቸዋል፤ አውታሩ ቆዳውን እየነካካ ያን የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ነው። ስንት ዘመን ስሰማው የኖርኩትን መዝሙር ያ ንዝረት ሳይደርሰኝ ነበር የምሰማው ማለት ነው። ጥሩ ስፒከር መጥፎ ቅጂንም እንደሚያጋልጥ አብሮ ይታወቅ፤ ከድሮ ካሴት ተገልብጠው ኢንተርኔት ላይ የተጫኑ ዘፈኖች ሽሽታቸው አሁን ከዘማሪው በፊት ይደርሳል።

ስለ ነዳጅ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ ልመልስ። አምፑና ዎፈሩ ተደምረው 300 ዋት ናቸው፤ ሁሉም እስከ ጣሪያቸው ቢሠሩ ከባትሪው መስመር የሚስቡት 27 አምፔር ገደማ ነው፤ ሙዚቃ ግን ከፍና ዝቅ ስለሚል በተለመደ አድማጭነት ከዚህ ሩቡም አይደርስም። መኪናው በመንግሥት መለኪያ በከተማ 51፣ በአውራ ጎዳና 48 ማይል በጋሎን የተሰጠው ነው፤ የእኔ ንባብ ከሥራው በፊትም በኋላም ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው አየሩንና እግሬን ተከትሎ ነው፤ ቴፑን ተከትሎ ሲለወጥ አላየሁም። በኤኤም ሬዲዮ ላይ ያለው ሽሽታ ግን አልጠፋም፤ ይህ ከኢንቨርተሩ የሚመጣ ስለሆነ በስፒከር ቅያሪ አይፈታም።

ወጪው እንዲህ ነው፤ ስፒከሮችና ትዊተሮች 180 ዶላር፣ አምፑ 210፣ ንጣፉ 85፣ ገመድ፣ ፊውዝና ቀለበቶች 75፣ ዎፈሩ 190፣ የእጅ ዋጋ 320፤ በድምሩ 1,060 ዶላር። ለመጀመሪያው ሱቅ የከሰርኩትን 140 አልደመርኩትም። ዎፈሩን ለሚተው ሰው 870 ዶላር ይሆናል፤ ለዚያ ገንዘብ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። የልጁ አንድ ጉድለት ቀጠሮ ነው፤ ለቅዳሜ ብሎ የሰጠኝ ሥራ ለማክሰኞ ደረሰ፤ ለእኔ ቢጤ በቀን ገቢ ለሚያድር ሰው ሦስት ቀን ቀላል አይደለም።

ሥራውን ሲያስረክበኝ ፊውዙ ላይ ነጭ ቴፕ ጠቅልሎ በማይጠፋ እስክሪብቶ «12 ቮልት፣ የአምፕ፣ 40 አምፔር» ብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈበት። ባለፈው ወር ትንሹን ባትሪ ለማስመርመር ሌላ ጋራዥ ስገባ መካኒኩ የዕቃ መጫኛውን ወለል አንሥቶ ጽሑፉን አየና፣ የአማርኛው ፊደል የትኛው አገር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ገመዱን ሳይነካ ባትሪውን ለክቶ ወለሉን መለሰው።